ዋንዛችን ከበሮ የሆነበት ዓመት

ጫኖ ባለው ግቢያችን፣ የመስኖው ቦይ ወደ ሙዙ ማሳ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ዋንዛ ነበረን። ከመሬት ትንሽ ከፍ እንዳለ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ግንድ ያወጣ ዛፍ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ነጭ አበባውን ይለብስና ንቡ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮህበታል። አበባው ገና ሳይጠወልግ ይረግፋል፤ ቦዩ ላይ ይወድቅና ውሃው እያንሳፈፈ ጎረቤት ማሳ ያደርሰዋል። በበጋ ቢጫ ፍሬው ይበስላል። ይጣፍጣል፣ ግን እንደ ሙጫ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ የተቀደደ ደብተር የምንለጥፈው በእሱ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ የማየው ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ለትምህርት ስደርስ አባቴ ከተማ፣ ሲቀላ ለምትኖረው እህቱ ሰጠኝ። አክስቴ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበራት፤ ልጅ አልነበራትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ እሷ ቤት አደግሁ። እዚያ የሚነገረው አማርኛ ነው። ጋሞኛ እሰማለሁ፤ ለመናገር ስሞክር ግን አፌ ይተሳሰርና ልጆቹ ይስቁብኛል፣ እኔም እተወዋለሁ። እናቴ ስትፈልገኝ በአማርኛ ታናግረኛለች። አማርኛን የለመደችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ስለነበር አንዳንዴ እኔን "ና" ትለኛለች፣ አባቴን ደግሞ "ነይ"። አጭር አጭር ነገር ነው የምትነግረኝ። ብይ፣ ተኚ፣ መጽሐፍሽን ያዢ። እናቴ ዝምተኛ ሴት ናት ብዬ ነበር የማስበው።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ የማትሪክ ውጤቴ ሳይሳካ ወደ ጫኖ ተመለስኩ። በዚያ ግቢ የእኔ የምለው ብዙ ነገር አልነበረም። አንድ ነገር ግን ነበረኝ፤ የጸሎት ቤታችን ከበሮ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሁድ እሁድ ኳየሩ ሲዘምር ከበሮውን የምመታው እኔ ነበርኩ። ማንም ነይ ያዢ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም አልጠይቅም። ገብቼ አነሳዋለሁ፣ አንገቴ ላይ አጠልቀዋለሁ፣ መዝሙሩ ይጀመራል።

ታላቅ ወንድሜ ያኔ ሙዝና ማንጎ እየጫነ ደጋ ወጥቶ ጨንቻ ገበያ ይሸጥ ነበር። በጥር ወር ከዚያው ሚስት አገባና ይዟት ወረደ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉንጯ በደጋው ብርድ የቀላ ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ከእኔ ጋር እኩል ነው። ከመኪናው ወርዳ የእናቴን ጉልበት ስማ ስትነሳ እናቴ በጋሞኛ የየት ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት። ልጅቷ መለሰች። እናቴ ሌላ ጠየቀች። እናቴ ራሷ የዚያው ደጋ ልጅ ናት፤ ወደ ቆላ የወረደችው አባቴን አግብታ ነው። የሚያውቁት አንድ ወንዝ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ከአጥር ውጭ ቆሞ ሰው የሚሳደብ ሽማግሌ ሳይኖር አልቀረም፤ ምክንያቱም እናቴ በድንገት አፏን በነጠላዋ ይዛ መሳቅ ጀመረች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ የልጅቷን ሻንጣ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም፤ ወሬው ፈጣን ነበር።

ሳምንት ሳይሞላት እናቴን "እማ" ማለት ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ የሁለቱ ሆነ። ጎመን ሲቀነጥሱ ያወራሉ፣ ቦዩ ላይ ልብስ ሲያጥቡ ያወራሉ፣ በቆሎ ሲፈለፍሉ አንዷ ጀምራ ሌላዋ ትቀበልና ይዘፍናሉ። እኔ ስገባ እናቴ ፊቷን ወደ እኔ ታዞርና በአማርኛ፣ "ራበሽ?" ትለኛለች። ዝምተኛ ያልኳት ሴት ዝምተኛ አልነበረችም። ዝም የምትለው ከእኔ ጋር ብቻ ኖሯል።

አንድ ቡሉኮ ነበረን። እናቴ ለሠርጓ ከአባቷ ቤት ያመጣችው፣ የደጋ ሸማኔ የሠራው ወፍራም ቡሉኮ። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ማታ ስመጣ እሱን ነበር የምታለብሰኝ። በጫኖ ሙቀት ማንም ቡሉኮ አያስፈልገውም፤ ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ፣ ግን አልገፍፈውም። የወንድሜ ሚስት በመጣች በሁለተኛው ወር ቡሉኮው እነሱ አልጋ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ወጥቼ ዋንዛው ሥር ተቀመጥኩ፤ ቅጠሉን እየቀነጠስኩ ቦዩ ውስጥ እጥል ነበር።

በፋሲካ ሰሞን የጸሎት ቤቱ ከበሮ ተሰበረ። እንጨቱን ምስጥ ከውስጥ በልቶት ኖሮ መዝሙር መሐል በእጄ ላይ ተሰንጥቆ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ከጉባኤ በኋላ ተሰብስበው፣ በጥቅምት ኮንፈረንስ ስላለ፣ የአካባቢው ምዕመናን ሁሉ ስለሚመጡ አዲስ ከበሮ ያስፈልጋል አሉ። አባቴ እጁን አውጥቶ፣ "ዋንዛ አለኝ" አለ።

ሰው ሁሉ ተገረመ። ሲቀላ ያለ የቤት ዕቃ ነጋዴ ለቡፌና ለአልጋ ፈልጎት ደጋግሞ እየመጣ አባቴ ሲመልሰው መንደሩ ያውቃል። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ቀለሙ ያምራል፣ ሲደርቅ አይጣመምም፤ ያኔ ቤቷ የዋንዛ ቡፌ ያላት ሴት እንግዳ ሲመጣባት አትደነግጥም። አባቴ ለቡፌ የነፈገውን ለከበሮ ሰጠ። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው። የምመታው እኔ ስለሆንኩ ለእኔ የሰጠ መሰለኝ። ከሁለቱ ግንድ በቦዩ በኩል ያለውን በመጥረቢያ ሲጥለው አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከበሮ የሚሠራው ሰውዬ ከሲቀላ መጣ። ጎልማሳ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ግንዱን በልኩ አስቆርጦ ገና እርጥብ እያለ በመሮ ከውስጥ መፈልፈል ጀመረ፤ ሻካራውን ቅርጽ ካወጣ በኋላ ክረምቱን በጥላ ሥር ይደርቃል፣ ቆዳውን መስከረም ላይ መጥቼ እወጥራለሁ አለን። ሲሠራ እኔና የወንድሜ ሚስት በቆሎና ጎመን የተቀቀለበት ኩርኩፋና ውሃ ይዘንለት ወጣን። እሷ ጎንበስ ብላ ቀፎውን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አንድ ነገር በጋሞኛ አለችው። ሰውዬው ቀና ብሎ አያት፤ መሮውን ይዞ በአንድ በኩል ጥቂት ፈለፈለው። እንደገና መታችው። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ወደምታየን እናቴ ዞሮ፣ "ማንገቻውን በማን ልክ ላድርገው? የሚመታው ማነው?" ብሎ ጠየቀ።

እናቴ በጋሞኛ መለሰች። ጋሞኛዬ ደካማ ቢሆንም "ምራቴ" ማለቷን ለመስማት አልከበደኝም፤ ልጅቷ በአገሯ ከበሮ ትመታ እንደነበር ነግራት ኖሯል።

"የምመታው እኔ ነኝ" አልኩ በአማርኛ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ።

የወንድሜ ሚስት እጇን ከእንጨቱ ላይ አነሳች። እናቴ መሬት መሬት አየች። አባቴ ከማሳው እየመጣ ነበርና ሰማ። "ገና ምኑ ተይዞ?" አለ። "ይድረቅ፣ ቆዳው ይወጠር። ሁለታችሁም ትሞክሩና ኳየሩ ያያል።"

በሰኔ የወንድሜን ሚስት ወባ ያዛት። ደገኛ ናት፣ ወባ አታውቅም፤ ክፉኛ ጣላት። እናቴ ከአጠገቧ አልነሳ አለች። አጥሚት በማንኪያ ታጎርሳታለች፣ ስትንቀጠቀጥ ያንን ቡሉኮ ትደርብባታለች፣ ላቧን በመዳፏ ትጠርጋለች። እኔ ሙዝ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሬ ሲቀላ ሄጄ መድኃኒት አመጣሁ። በመንገድ ላይ ያሰብኩትን አስታውሳለሁ። እሷ እንድትሞት አልተመኘሁም። የተመኘሁት እኔን ወባ እንዲይዘኝ ነው። ስመለስ እናቴ መድኃኒቱን ከእጄ ተቀብላ፣ "ጎበዝ" አለችኝና ፊቷን ወደ አልጋው አዞረች።

መስከረም ላይ ሰውዬው ተመልሶ የበሬ ቆዳውን በጠፍር ወጠረው። ቅዳሜ ከሰዓት ኳየሩ ጸሎት ቤት ተሰበሰበ። መጀመሪያ እኔ አነሳሁት። ከድሮው ይልቅ ቀላል ነበር፤ ድምፁ ግን ወፍራምና ሩቅ የሚሄድ ነው። ሁልጊዜ እንደምመታው መታሁ፤ ዘመሩ፤ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ እሷ አነሳችው። ማንገቻው አጠረባትና ወንድሜ አስረዘመላት። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። አመታቷ የደጋው ነው፤ ሁለት ጊዜ ትመታና ትተዋለች፣ ሰው ሁሉ ምቱን የሚጠብቅበት ቦታ ላይ ዝም ትላለች፣ ከዚያ ጥቂት ዘግይታ ትመልሰዋለች። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው ሳያውቀው ትከሻው ይንቀሳቀሳል። የኳየሩ መሪ ገና ዘምሩ ሳይል ሴቶቹ ጀመሩ። እኔም ጀመርኩ። አፌ መዝሙሩን ሲይዝ ተሰማኝና ዘጋሁት።

ማንም ምንም አልወሰነም፤ የሚወሰን ነገር አልነበረም። ብትሳሳት ኖሮ፣ ብትኮራ ኖሮ፣ ወይም ሌላው ሰው አድልቶላት ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። ቀንቼ እንድጠላት የሚያደርገኝ ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ እንዲያ ሲሆን ቅናት ይብሳል እንጂ አይቀልም።

በጥቅምት ኮንፈረንሱ ሆነ። ከምዕራብ ዓባያ፣ ከላንቴ፣ ከደጋም ሳይቀር ሰው በመኪና እየተጫነ መጣ። ድንኳኑ የተተከለው ከእኛ ግቢ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ነበር፤ የቀረው የዋንዛችን ግንድ አበባውን ለብሶ ከድንኳኑ በላይ ይታያል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆሜያለሁ። መዝሙሩ በጋሞኛ ነው፤ ግማሹን እዘምራለሁ፣ ግማሹን አፌን ብቻ አንቀሳቅሳለሁ። ፊት ለፊታችን፣ ከእናቶች መካከል፣ እናቴ ቆማለች። ዓይኗ ከምራቷ እጅ ላይ አልተነሳም። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከእናቴ ላይ ማንሳት አቃተኝ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ብታይ ብዬ ስጠብቅ ኮንፈረንሱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የተመኘሁት ወባ ያዘኝ። እንዳሰብኩት አልነበረም። ራሴን መያዝ አቅቶኝ ሁለት ቀን ያህል የሆነውን አላውቅም። አንዱ ጎረቤት ሲቀላ ሄዶ ለአክስቴ ነግሯት ኖሮ መኪና ኮንትራት ይዛ መጣች። ከደጅ ድምፅዋን ሰማሁ።

"ወደ ቤቴ ልውሰዳት። ሐኪሙ ቅርብ ነው፣ አልጋዋም አለ።"

"አትሄድም" አለች እናቴ።

"ምን ማለትሽ ነው? እኔ ነኝ እኮ ያሳደግኳት።"

"አውቃለሁ። አትሄድም።"

አክስቴ ብዙ ተናገረች፤ አባቴም ሊያስማማ ሞከረ። እናቴ ሌላ ቃል አልጨመረችም፣ በሩን ይዛ ቆመች። በመጨረሻ አክስቴ ያመጣችውን ብርቱካንና መድኃኒት አስቀምጣ ተመለሰች። እናቴ ገባች፤ ቡሉኮውን ከእነወንድሜ አልጋ ላይ አንስታ ይዛ ነበር። አለበሰችኝና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በጋሞኛ፣ ቀስ ብላ፣ እየጠበቀችኝ ማውራት ጀመረች። ያልገባኝ ቦታ ስትደርስ ቃሉን በሌላ ቃል ትለውጥልኛለች።

"አባትሽ ሲሰጥሽ እኔን አልጠየቀኝም" አለች። "እህቱ ናት፣ ልጅ የላትም፣ ትምህርት ቤቱም እዚያ ነው። ምን እላለሁ? ቅዳሜ ስትመጪ አዲስ ቀሚስ ለብሰሽ ትመጫለሽ። በነጋታው ላወልቅልሽ ስል ትጮኺያለሽ፤ እሷ ናት የገዛችልኝ ትያለሽ። በጋሞኛ አናግርሻለሁ፣ በአማርኛ ትመልሺልኛለሽ። አንድ ቀን አክስትሽ ልትወስድሽ መጥታ ዋንዛው ሥር ቆማ ነበር። እኔ እዚህ በሩ ላይ ነኝ። አንቺ ፍሬ ስትለቅሚ እሾኽ ወጋሽና 'እማ' ብለሽ ተጣራሽ። እኔ ሮጥኩ። አንቺ ግን ሮጠሽ የሄድሽው ወደ እሷ ነው።"

እኔ ይህን አላስታውስም። አላስታውስም ብላትም ምንም አልለወጠም።

"ከዚያ ወዲህ ለአንቺ ብዙ አላወራም" አለች። "አማርኛዬ ያስቅሻል ብዬ። እህቱን ግን ጠላኋት። ስትመጣ ቡና አፈላላታለሁ፣ ልቤ ይቃጠላል። ሰው መሆኗን፣ ደግ መሆኗን አውቃለሁ። ቢሆንም ልቤ ይቃጠላል። ይቺ ልጅ ስትመጣ፣ ከአገሬ፣ በአፌ እያወራች፣ ምን ላድርግ? ደስ አለኝ።"

ትኩሳቱ ስለነበረብኝ ይሁን ወይም ሌላ፣ አለቀስኩ። ከላቡ ጋር በመዳፏ ጠረገችልኝ። ቅናቴ የዚያን ቀን ወጣልኝ ብል ውሸት ነው። ድኜ ስነሳ ሁለቱ ደጅ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አየሁና እንደ ቀድሞው ቀናሁ። ልዩነቱ አሁን ሄጄ መሐላቸው መቀመጤ ነው። ምን እንዳሳቃቸው ጠየቅኋቸው። እናቴ በጋሞኛ ደገመችልኝ፤ ስመልስ ተሳሳትኩ፤ የወንድሜ ሚስት ሳቀችብኝ። ተናደድኩ፣ ግን አልተነሳሁም።

በተከታዩ ዓመት አረገዘች፤ ከበሮው ሆዷ ላይ አልቀመጥ ሲል ማንገቻውን አውልቃ ለእኔ ሰጠችኝ። "ያዢልኝ" አለች። "ያዢልኝ" ማለቷ ራሱ ነከሰኝ፤ የእሷ ሆኖ ለእኔ አደራ መሰጠቱ። ያም ሆኖ መታሁት። አንዳንድ ሰው ከኋላዬ፣ "እንደ እሷ አይደለም" ሲል ሰምቻለሁ። ልክ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስትወልድ እናቴ ዓይኗን ከልጁ ላይ አልነቅል አለች፤ በዚያም ቀናሁ። ከዚያ የመምህርነት ሥልጠና ገባሁና ስጨርስ ምዕራብ ዓባያ ተመደብኩ።

እዚያ የተከራየሁት አንድ ክፍል ቤት ነበር። አላገባሁም። ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በክረምት የወንድሜ ሚስት ልጁን ይዛ መጣች። ልጁ ለትምህርት ደርሷል፤ አማርኛ አያውቅም፤ ቀሚሷ ውስጥ ተሸሽጎ በአንድ ዓይኑ ያየኛል። ሻይ አቀረብኩላቸው። አጥብቃ ያሰበችበት ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

"አንቺ ጋ ይቀመጥ" አለችኝ። አማርኛ ለምዳ ነበር። "አማርኛ ይልመድ፣ በደንብ ይማር። ጫኖ ከእኔ ጋር ሆኖ ምን ይሆናል? አንቺም የተማርሽው ሲቀላ ስለገባሽ ነው።"

ልጁን ፈለግሁት። ይህን እዚህ አልሸፋፍንም። በዚያ ክፍል ማታ የሚያወራኝ ሰው አልነበረም፤ እሷ ገና ንግግሯን ሳትጨርስ ዓይኔ ለአልጋው የሚሆነውን ጥግ አይቶ ነበር። ጫማ ስገዛለት፣ ደብተር ስሸፍንለት ታየኝ። ዓመት ሳይሞላው ምን ብሎ እንደሚጠራኝም አውቄያለሁ።

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔማ ቅዳሜ እየመጣሁ አየዋለሁ።"

"አይሆንም" አልኩ። "አንቺ ጋ ይደግ። ጫኖም ትምህርት ቤት አለ።"

ፊቷ ተለወጠ። ስኒዋን አስቀመጠች። "እኔ እኮ ያለፈ መስሎኝ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አሁንም ትቀኚብኛለሽ።"

"አዎ፣ እቀናብሻለሁ" አልኳት። "ልጁን ግን ይዘሽው ሂጂ።"

የእናቴን ነገር ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ ግን የእናቴን ምስጢር በእሷ ፊት ማውጣት ከበደኝ። ሙዝ አራግፎ ወደ ጫኖ የሚመለስ መኪና ባዶውን ሲያልፍ አስቆምኩላቸው። ልጁ ከሾፌሩ አጠገብ ጭኗ ላይ ተቀመጠ። ወደ እኔ ሳታይ ሄዱ።

በኋላ እንደሰማሁት ለጎረቤቱ ሁሉ ልበ ጠባብ መሆኔን አውርታለች። ልጁ ጫኖ ትምህርት ቤት ገባ፤ ጎበዝም ሰነፍም አልሆነ። እኔ ለበዓል ስሄድ የወንድሜ ሚስት ሰላም ትለኝና ወደ ጓዳ ትገባለች። እናቴ ነገሩን ስነግራት በቆሎ እየለቀመች ነበር።

"ላስታርቃችሁ አልገባም" አለችኝ በጋሞኛ። "ይለፍላት። እኔም ከአክስትሽ ጋር ብዙ ፈጅቶብኛል።"

"አለፈልሽ?" አልኳት።

በመዳፏ ያለውን በቆሎ ነፋ ነፋ አደረገችው።

"ባለፈው ሳምንት ሙዝ ላክሁላት" አለች።